ሦስት ግራም እርሳስ

ጊልበርት ረዘንዴስ ከሱቅ በተገዛ ማጥመጃ ዓሣ ይዞ አያውቅም። ይህን ራሱ አይናገርም፤ ሌላው ይናገርለታል፣ እሱም አያስተባብልም። በሳኮኔት ዳርቻችን፣ ግንቦት ገብቶ ባለሸንተረሩ ዓሣ ከደቡብ ሽቅብ መምጣት ሲጀምር፣ እስከ ጭናቸው ማዕበል ውስጥ ገብተው ዘንግ ከሚወረውሩት ሰዎች ግማሾቹ ክራቸው ጫፍ ላይ ያሰሩት እሱ የሠራውን የእንጨት ዓሣ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት የወንበር እግር በቶርኖ ሲያዞር የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ አሮጌውን ቶርኖ ለምኖ አገኘና በፒክአፕ ጭኖ ከቤቱ ሥር ካለው ምድር ቤት አወረደው። እኔ ጎረቤቱ ነኝ። ቶርኖው ሲነሳ የእኔ ኩሽና ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ፤ ለምጄዋለሁ።

ጊል እንጨት ማዞሩን እንደ ሥራ አይቆጥረውም። ቅርጹን ማንም ያወጣዋል፣ ዓሣ የሚያደርገው ሆዱ ውስጥ ያለው ነው ይላል። ሆዱ ውስጥ ያለው እርሳስ ነው፣ ከባዱ ብረት። የጽድ እንጨቱን አዙሮ፣ ከራስ እስከ ጅራት በስቶ ሽቦ አሳልፎበት፣ መንጠቆዎቹን ሰቅሎና ቀለም ቀብቶ ሲያበቃ ውሃ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ እየቆረጠ መንጠቆው ላይ ይጠመጥማል፤ ትንሽ ይጨምራል፣ ትንሽ ይቀንሳል። እንጨቱ እሱ በሚፈልገው ልክ ሲቀመጥ የጠመጠመውን ፈትቶ ይመዝናል። ሆዱን ወደ ጅራቱ በኩል ይበሳና ያንኑ ያህል እርሳስ አቅልጦ ያፈስበታል። እንዲህ የተሠራ ማጥመጃ ጅራቱን አስቀድሞ እንደ ጦር ይበራል። እርሳሱ ቦታውን ከሳተ ግን አየር ላይ ይገለባበጥና ከወረወረው ሰው እግር ሥር ይወድቃል።

ባለፈው የበረዶ ወራት ለአንድ ሰው ብሎ አንድ ማጥመጃ መሥራት ጀመረ። ሰውየው ክሊፍተን ፔካም ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሎብስተር ወጥመድ ሲጎትት ያረጀ፣ ከጊል ጋር ለአርባ ዓመት ጎን ለጎን ቆሞ ዓሣ ያጠመደ ወዳጁ። በመስከረም ትከሻውን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ሐኪሙ ከሁለት ወቄት በላይ እንዳይወረውር፣ ክሩንም በፍጥነት እንዳይጠቀልል ከለከለው። ዓሣው ያለው ግን ባሕሩ ውስጥ ካለው የአሸዋ ጉብታ ወዲያ ነው፣ ቀላል እንጨት ደግሞ ነፋሱን ሰንጥቆ እዚያ አይደርስም። ክሊፍተን አንድ ቀን በረንዳው ላይ ሆኖ፣ በግንቦት ጉብታውን ካላለፍኩ ዘንጌን ለጊል እሰጣለሁ፣ ሌላው ሲያጠምድ ቆሜ የማይ ሰው አይደለሁም አለ። ጊል ለዚህ የመለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንተ ትከሻህን ጠብቅ፤ እንጨቱን ለእኔ ተወው።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ማጥመጃው እርሳስ ካነሰው ነፋሱ ይመልሰዋል። ከበዛው ደግሞ፣ ክሩ ቀስ ተብሎ ሲጠቀለል ይሰምጥና ድንጋይ ይይዘዋል። ስለዚህ የሚችለውን ያህል እርሳስ ተሸክሞ፣ ጀርባው ብቻ ከውሃው ብቅ ብሎ መንሳፈፍ ነበረበት። ጊል ስድስት ሠርቶ ስድስቱንም ምድጃ ውስጥ ከተተ። በሕማማት ሳምንት ሰባተኛውንና ስምንተኛውን እንደ መንታ አድርጎ አዞረ፤ ሁልጊዜም ጥንድ ጥንድ ነው የሚሠራው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚሞክራቸው ወርዶ ባሕሩ ላይ ነው። ያን ሳምንት ግን ሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ደጅ አላስወጣም። ጊል መጠበቅ አቃተው። ምን እንዳደረገ ያኔ ማንም አላወቀም።

በስቅለት ቀን እኔና ክሊፍተን ምሳ የተጠራነው ጊል ቤት ነበር። የጊል ባለቤት ኦዴት በየዓመቱ በጨው የደረቀውን ዓሣ፣ እነሱ ባካልያው የሚሉትን፣ ዘፍዝፋ ጨውን ታወጣለታለች፤ ከዚያ ከድንችና ከእንቁላል ጋር ትሠራዋለች፣ አረንጓዴ ቅጠልም ትነሰንስበታለች። ክሊፍተን ሁለተኛ ሳህኑን ሲጨርስ ከሹካው ጫፍ አረንጓዴ ነገር አንስቶ የሳህኑ ዳር ላይ አስቀመጠ።

«ኦዴት፣ ዘንድሮ ቅጠልሽ ጠንከር ብሏል» አለ።

ኦዴት አየችው፣ ቀጥላ ባሏን አየችው። ጊል አንገቱን ደፍቶ ድንች ይበላ ነበር። አረንጓዴዋን ነገር በናፕኪን ጠቅልላ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻትና ዳቦ አቀረበችልን።

በግንቦት ሁለተኛ ሳምንት፣ ጠዋት፣ ሦስታችን ወደ ዳርቻው ወረድን። ነፋሱ ፊት ለፊት ነበር። ጊል ማጥመጃውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ራሱ አሰረለት፤ ጀርባው አረንጓዴ፣ ሆዱ ነጭ ነው። ክሊፍተን እግሩን አስተካክሎ፣ ትከሻውን ሳያነሳ ከወገቡ ብቻ ዞሮ ወረወረ። እንጨቱ ሳይንገዳገድ ሄደ፤ ከጉብታው ነጭ አረፋ ወዲያ፣ በደንብ ወዲያ ወደቀ። የክሊፍተን ጆሮ በደስታ ሲቀላ አየሁ።

ከዚያ ሐኪሙ እንዳለው ቀስ ብሎ መጠቅለል ጀመረ። እኛ የእንጨቱን ጀርባ ውሃው ላይ እንፈልጋለን። የለም። አምስት ዙር እንኳ ሳይጠቀልል ዘንጉ ጎበጠ፤ የያዘው ድንጋይ ነበር። ክሊፍተን ቀኝም ግራም ሄዶ ሞከረ፤ በመጨረሻ ክሩ ተበጠሰ።

ባዶውን ክር ጠቅልሎ ዘንጉን ጊል እጅ ላይ አኖረ። ጥሩ በሯል፣ አመሰግናለሁ አለ፤ አነጋገሩ ላይ ቁጣ አልነበረም። ከዚያ ዳገቱን ብቻውን ወጣ። ጊል ሁለት ዘንግ ይዞ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን የትከሻው ጥፋት ነው ይል ነበር፤ ወይም የድንጋዩ። ጊል አላለም። እንጨቱ ሰመጠ፣ የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ ብሎ ባልዲ ሙሉ የባሕር ውሃ ቀዳ፤ ምድር ቤቱ ድረስ ተጋግዘን ተሸከምነው። መንታውን ከመደርደሪያው አውርዶ ባልዲው ውስጥ ለቀቀው። እንጨቱ ትንሽ አሰበና ቁልቁል ወረደ። አውጥቶ መዘነው፤ ሁለት ወቄት ልክ። እንደገና ለቀቀው። እንደገና ወረደ።

«ሚዛኑ ትክክል ነው፣ እንጨቱም ትክክል ነው» አለ ለራሱ።

ኦዴት የሚታጠብ ልብስ ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ሰማችው። ቅርጫቱን አስቀመጠችና ከሽርጧ ኪስ እስከዚያ ቀን ያቆየቻትን ናፕኪን አውጥታ ፈታቻት። ውስጧ የደረቀ አረንጓዴ ቀለም አለ፤ ከጥፍር ያነሰ። እንጨቱን ከባልዲው አውጥታ ከጀርባው ጋር አስጠጋችው። ቀለሙ አንድ ነው።

«ይሄ ከክሊፍተን ሳህን የተነሳ ነው» አለች። «የት እንደነከርከው አንተው ንገረኝ።»

ጊል ጣቱን ወደ ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ቀሰረ። በሕማማት ባካልያው የተዘፈዘፈው እዚያ ነበር።

«ያው የጨው ውሃ ነው ብዬ ነው።»

«ከነእርሳሱ?»

«መንጠቆው ላይ የተጠመጠመ ነው እኮ፣ አይሟሟም።»

«በስቅለት ቀን እርሳስ አበላኸን፣ አንተ ሽማግሌ። እሱን ከቄሱ ጋር ትጨርሰዋለህ።» ከዚያ ባልዲውን አየች፣ ገንዳውንም አየች፣ ሳቋም መጣባት። «የእኔ የመጀመሪያ ቀን ውሃ እንቁላል ያንሳፍፋል፣ ጊል። ባሕሩ እንቁላል ያንሳፍፋል?»

ጊል ወደ ላይ ወጥቶ እንቁላል ይዞ ተመለሰ፣ ባልዲው ውስጥም አስቀመጠው። እንቁላሉ ከታች ሄዶ ቁጭ አለ።

ጊል ነገሩ ያኔ ገባው። ባካልያው የተዘፈዘፈበት ውሃ ከባሕሩ ይልቅ ጨው የበዛበት ስለነበር እንጨቱን ወደ ላይ ይገፋው ነበር፤ እሱም ያንን ለማሸነፍ እርሳስ ጨምሮ ነበር። ትራፓኖውን አነሳ። የእንጨቱን ሆድ ከፍቶ እርሳሱን በጥቂት በጥቂቱ ፈቀፈቀ፤ ባልዲው ውስጥ ይከታል፣ ያወጣል፣ እንደገና ይፈቀፍቃል። ጀርባው ብቻ ብቅ ብሎ ሲቀመጥለት የፈቀፈቀውን ሰብስቦ መዘነ። ሦስት ግራም ነው። ቀዳዳውን በጽድ ደፍኖ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ቀለምም ቀባው። በዚህ ጊዜ ቀለሙ እስኪደርቅ ሦስት ቀን ጠበቀ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ክሊፍተን ቤት ሄድን። እሱ ዘንጉንና እንጨቱን፣ እኔ ባልዲውን ይዤ። ክሊፍተን በረንዳው ላይ ቡና እየጠጣ ነበር፤ ዘንጉን ሲያይ ፊቱን አዞረ። ጊል ለማሳመን አልሞከረም። ባልዲውን ከእኔ ተቀብሎ ክሊፍተን እግር ሥር አስቀመጠና እንጨቱን ለቀቀው። እንጨቱ ሰጥ ብሎ ተኛ፤ ከጀርባው የምትታየው አንዲት አረንጓዴ መስመር ብቻ ናት። ጊል በጣቱ ቁልቁል ተጫነው፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ መጣ።

ክሊፍተን ኩባያውን አስቀመጠ።

«ውሃው ከየት ነው?»

«ከባሕሩ።»

«ምን ያህል እርሳስ አወጣህ?»

«ሦስት ግራም። ኦዴት ናት ያገኘችው።» ከዚያ የስቅለቱን ነገር ሳይደብቅ ነገረው።

ክሊፍተን እስከ መጨረሻው ሰማ። ሁለት ሳህን ነው እኮ የበላሁት አለ፣ ጎንበስ ብሎም እንጨቱን ራሱ በጣቱ ተጫነው። ሲመለስለት ደግሞ ተጫነው። ከዚያ ተነሥቶ ረጅሙን ቦት ጫማውን ሊያመጣ ገባ።

ያን ጠዋት እንጨቱ በሦስት ግራም ቢቀልም ጉብታውን አለፈ። ክሊፍተን ሐኪሙ ካለውም ቀስ አድርጎ ጠቀለለ፤ አረንጓዴዋ መስመር ማዕበሉ ላይ ወደ እኛ ስትመጣ ሁላችንም አየናት። በስድስተኛው ውርወራ ውሃው ሥሯ ፈነዳ። የወጣችው ክንድ የምታህል ባለሸንተረር ናት፤ ትንሽ ስለሆነች መልሶ ለቀቃት። ጊል ወደ ዘንጉ እጁን ዘረጋ፣ ለማረፍ ያህል ልያዝልህ ብሎ።

«ወዲያ በል» አለው ክሊፍተን። «የራስህን ዘንግ አምጣ።»

አሁን ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከቶርኖው አጠገብ፣ ክዳን ያለው ባልዲ ይቀመጣል። ጊል በየሳምንቱ ውሃውን ከባሕር ይለውጣል። ክዳኑ ላይ በኦዴት እጅ «የጊል ነው፤ ምግብ አይገባበትም» የሚል ተጽፏል። በገንዳው ክዳን ላይ ደግሞ «የኦዴት ነው፤ እንጨት አይገባበትም» ይላል።