ገበር የለበሰ ገንዳ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የውሃ ተክሎች ያሳድጋል። እሱ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ስለሚሠራ፣ መብራቱንም ያን ያህል ያበራላቸው ነበር። አልጌ የሚባለው የውሃ አረም በቅሎ እንደ አረንጓዴ ጸጉር ቅጠሎቹን አንቆ ያዘ፤ ውሃውም ደፈረሰ።

"አንተ ሰውዬ፣ እስከ እሑድ ካልጠራ ውሃውን ደፍቼ ገንዳውን የክር ማስቀመጫ አደርገዋለሁ" አለች ሚስቱ።

ተክሎቹን የሸጠለት ሰው "ብርሃን አበዛህባቸው" ሲለው አፈረ። አልጌውን በወረንጦ ለቀመና ገንዳውን በካፖርት ገበር ሸፈነው።

"ደግሞ ልብስ ሰፋህለት?"

"እንቅልፍ ነስቻቸው ኖሯል፣ እሜቴ።"

እሑድ ገበሩን ገለጠ። ውሃው ገና አልጠራም፤ ከአንዱ ግንድ ግን ጥፍር የምታክል አዲስ ቅጠል ወጥታ፣ በዚያ ድፍርስ ውስጥ ታበራለች። ሚስቱ ጎንበስ ብላ አተኩራ አየቻት።

"በል፣ ከዛሬ ጀምሮ መብራቱን የማጠፋው እኔ ነኝ" አለችው።