ልብስ ሰፊው ዓሊዪና የልጁ ይግባኝ

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የምትባል ጠባብ ቁልቁለት አለች። ስሟን ያገኘችው በግራና በቀኝ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ከሚንጫጩት የስፌት መኪናዎች ነው። ከነዚያ መኪናዎች በአንዱ ላይ የሚቀመጠው ሰው ዓሊዪ ይባላል። በጎረምሳነቱ ከገጠር ጫት ጭኖ ለገበያ ሲመጣ፣ አንድ ሽማግሌ ሰፊ “ና እስቲ አንተ ልጅ፣ የዚህን ጨርቅ ጫፍ ያዝልኝ” አሉት። ያዘ። እስከ ዛሬም አልለቀቀውም ማለት ይቻላል።

ዓሊዪ አሁን አርባ አምስትን አልፏል። አብረውት ስፌት የተማሩት ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ፣ መስታወት ያለው ሱቅ ከፍተዋል። እሱ ከዚያችው ደጃፍ አልተነቃነቀም። “ያለኝ ይበቃኛል፣ አልሐምዱሊላህ” ከአፉ የማትጠፋ ቃል ናት። ሚስቱ ዋፊቃ ግን በዚህ ትበሽቃለች። ማታ ማታ በግንቡ ኤረር በር አጠገብ ሳምቡሳ የምትጠብሰው እሷ፣ ቁጡና ፈጣን ናት፤ “አንተ አቦ፣ ቤቱ ቢቃጠል እሳት መሞቅ ደግ ነው ትላለህ” እያለች ትተርበዋለች። እሱም ይስቃል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ኢክራም። ይህ ሁሉ ሲሆን አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ኢክራም ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ መውጣት ለማይችሉ ደንበኞች የተጠገነ ልብስ ታደርሳለች። ከነሱ አንዱ አቶ እንደሻው ናቸው። በአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ለማያውቁት ሰው በር አይከፍቱም። የኢክራምን ድምፅ ሲሰሙ ግን “መጣሁ፣ መጣሁ!” እያሉ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ይወጣሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዋፊቃ ወንድም ልጅ ነስሮ ኢክራምን መንገድ ላይ አገኛት። ነስሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ሲያገኝ ከቆርቆሮ መቺዎች ጋር ጣሪያ ላይ ይውላል፣ ሲያጣ ይዞራል። ዓሊዪ እንደ ልጁ ያየው ነበር። አንድ ጓደኛውም አብሮት አለ።

“ኢክራም፣ ያ ሽማግሌ ደንበኛችሁ ጣሪያቸው እንደሚያፈስ ነግረውኝ ነበር” አላት። “ቆርቆሮውን ልንለካ ብንሄድ በር አልከፍት አሉን። አንድ ጊዜ ጥሪልን አቦ፤ ያንቺን ድምፅ ያውቃሉ።”

ሄደች፤ ጠራች። አቶ እንደሻው በሩን ከፈቱ። ሁለቱ ገፍተዋቸው ገቡ። ጓደኛው በያዘው ብረት ክንዳቸውን መታቸውና ወደቁ። ቴሌቪዥናቸውንና ስልካቸውን ይዘው ጠፉ። ኢክራም እየጮኸች ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኛች፤ ለእናቷም ለአባቷም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አደረች። ጠዋት ፖሊስ በሩን አንኳኳ።

ነስሮና ጓደኛው እንደ አዋቂ ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸውም። የኢክራም ጉዳይ ልጅ ስለሆነች ለብቻው፣ በዝግ ችሎት ታየ። አቶ እንደሻው ክንዳቸው በጄሶ ታስሮ መጥተው፣ በሩን የከፈቱት በእሷ ድምፅ መሆኑን መሰከሩ። ፍርድ ቤቱም እሷ ባትጠራ ኖሮ ወንበዴዎቹ ባልገቡ ነበር አለ፤ ሸሽታ መሄዷና ለማንም አለመናገሯም ማወቋን ያሳያል አለ። ስለዚህ የውንብድናው ግብረ አበር ናት ተባለ። ታርማ እንድትመለስም አዲስ አበባ ወዳለ የልጆች ማረሚያ ለሁለት ዓመት እንድትላክ ታዘዘ።

ዓሊዪ የዚያን ዕለት መኪናውን አልከፈተም። ማታ ልጁ አጠገብ ተቀመጠና ሳያስበው ከአፉ አመለጠው።

“ኢክራም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ታውቂ ነበር?”

ቀና ብላ አየችው። “አባ፣ አንተም?”

 እሱም ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አልጠየቃትም። በልቡ ግን፣ ይህች ልጅ አታውቅም ነበር ብሎ የማለው በዚያች ደቂቃ ነው።

መንግሥት ያቆመላቸው ተከላካይ ጠበቃ ዕፀገነት የምትባል ወጣት ናት። አያቶቿ ጥንት ከሸዋ መጥተው ሐረር የቀሩ ናቸው፤ እሷ ግን ከሐረሪውም ከኦሮሞውም ጋር በየቋንቋው ታወራለች። ባልና ሚስቱን አስቀምጣ ነገሩን በቀላሉ አስረዳቻቸው።

“ኢክራም ጠርታለች። እሱን አንክድም። ጥያቄው ምን መስሏት ጠራች ነው። ሕጉ ግብረ አበር የሚለው ወንጀሉን እያወቀ የረዳን ሰው ነው። ተታልሎ በር ያስከፈተ ሰው መሣሪያ ነው የሆነው። ይግባኝ የምንለው በዚህ ነው።”

“እንዴት ይታወቃል? ልቧን ከፍተን አናሳይ” አለች ዋፊቃ።

“ያስቸግራል” አለች ዕፀገነት ሳትደብቅ። “ግን እንሞክራለን። አንድ ነገር ብቻ አደራ። አቶ እንደሻው ምስክር ናቸውና እንዳትሄዱባቸው። ሊያባብሏቸው ሄዱ ከተባለ የልጅቷ ነገር ይበላሻል።”

ይግባኙ ገባ። ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስም ኢክራም ከቤቷ እንዳትወሰድ እግድ ተሰጠ። ዓሊዪን ከሁሉ በላይ የከነከነው ግን ያ አደራ ነው። ሰው ተሰብሮ ተኝቶ አለመጠየቅ! ለዚያውም ደንበኛ፤ ለዚያውም በልጁ ስም የተጎዳ። በመንገድ ሲሄድ ሰው ሁሉ “ያ ጨካኝ” እያለ የሚጠቁምበት ይመስለው ነበር። ኢክራም ደግሞ ልጆቹ “ሌባ” ሲሏት ትምህርት ቤት መሄድ አስጠላት። ዋፊቃ እጇን ይዛ እስከ በሩ እያደረሰች፣ አንዳንድ ቀንም እዚያው ደጃፍ እየዋለች አቆየቻት።

ከዕለታት አንድ ቀን ዓሊዪ አንገቱን ደፍቶ ሲሰፋ ጥላ መኪናው ላይ አረፈ። አቶ እንደሻው ነበሩ። ጄሶው ወልቋል፤ ክንዳቸው ግን ጎብጦ ነው የገጠመው።

“ይህ ካፖርት እጁ አልገባልህ አለኝ” አሉ። “አስፋልኝ።”

ዓሊዪ ብድግ አለ።  ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ክንዳቸውን መለካት ጀመረ። የጎበጠው ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እንባ ሞላ።

“ለምን አልጠየቅከኝም?” አሉት አቶ እንደሻው።

“ወላሂ ጋሽ እንደሻው፣ እግሬ ሳይሆን ሕግ ነው ያሰረኝ። ጠበቃችን ምስክር ስለሆኑ እንዳትሄዱ አለችን። ይማርዎ ማለት እንኳ አልቻልኩም። አሁን ይማርዎ ልበልዎ።”

“አሜን” አሉ። “ልጅቷስ?”

“አለች።”

“እኔ ምለው ዓሊዪ፣ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። መሬት ወድቄ ሳለሁ ልጅህ ስትጮኽ ሰምቻለሁ። ‘ቆርቆሮ ነው ያልከኝ! ቆርቆሮ ነው ያልከኝ!’ ትል ነበር። የምን ቆርቆሮ ነው?”

 ነስሮ ምን ብሎ እንዳታለላት ኢክራም ለአባቷና ለእናቷ ነግራቸው ነበር፤ ለፍርድ ቤቱም ብትናገር አሁን የፈጠረችው ነው ተብሎ አልታመነችም። መልሱ በዓሊዪ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። “ጣሪያዎን ሊጠግኑ ነው ብለዋት እኮ ነው!” ብሎ እዚያው መንገድ ላይ ሊጮህ ቃጣው። ግን ዋጠው።

“ጋሽ እንደሻው፣ አይቆጡኝ፤ ለኔ አይንገሩኝ” አለ። “እኔ አባት ነኝ፤ አስተማራቸው ይሉኛል። የሰሙትን ለዳኛ ይንገሩ።”

 ሽማግሌው ካፖርቱን መኪናው ላይ ጥለው፣ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚወስደውን ዳገት ይዘው ወጡ። ዓሊዪ ያን ዕለት ከዚያ ካፖርት ሌላ ነገር አልሰፋም።

የይግባኙ ዕለት ሦስት ዳኞች ተሰየሙ። መሐል የተቀመጡት አረጋዊ ዳኛ፣ አቶ እንደሻው ‘ያልተናገርኩት አለ’ ብለው ማመልከታቸውን ጠቅሳ ዕፀገነት ባቀረበችው ጥያቄ መሠረት፣ እንደገና እንዲሰሙ ፈቀዱ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ።

“ይህን በመጀመሪያው ችሎት አልተናገሩም። ዛሬ ከየት አመጡት?”

“ማን ጠየቀኝ?” አሉ አቶ እንደሻው። “‘ድምፁ የማን ነው?’ ስባል ‘የኢክራም’ አልኩ። ‘በሩን የከፈቱት በእሷ ድምፅ ነው?’ ስባል ‘አዎ’ አልኩ። ‘ይበቃል፣ ይቀመጡ’ ተባልኩ፤ ተቀመጥኩ። ክንዴ ያመኝ ነበር። ተቆጥቼባትም ነበር፤ አልዋሽም። ቁጣው ሲበርድልኝ ነው ጩኸቷ የመጣብኝ።”

“ምን ነበር ያለችው?” አሉ ዳኛው።

“‘ነስሮ፣ ቆርቆሮ ነው ያልከኝ!’ እያለች ሸሚዙን ይዛ ትጎትተው ነበር። እኔ ጣሪያዬ አያፈስም፤ ቆርቆሮ መቺም አልጠራሁም። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።”

 ዳኛው ወደ ኢክራም ዞሩ። ድምፃቸው ለስለስ አለ።

“እሺ ልጄ። ካላወቅሽ ለምን ሮጥሽ? ለምን ለወላጆችሽ አልነገርሽም?”

ኢክራም ሻሿን ከአፏ ላይ አወረደች። “አባቴ ነስሮን እንደ ልጁ ነው የሚወደው” አለች። “ምን ብዬ ልንገረው?”

ዓሊዪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያለቀሰችው ግን ዋፊቃ ናት፤ ነስሮ የወንድሟ ልጅ ነውና።

ውሳኔው በቀጠሮ ቀን ተነበበ። ዓሊዪ ከሚነበበው የሕግ ቃል አብዛኛው አልገባውም፤ የዕፀገነትን ፊት ነበር የሚያየው። ወንጀል ሊፈጸም መሆኑን ሳያውቅ የረዳ ሰው ግብረ አበር ሊባል አይችልም ተባለ። ከድርጊቱ በኋላ መፍራትና መደበቅ አስቀድሞ ማወቅን አያሳይም ተባለ፤ የሕፃን ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሱን። “ስለዚህ የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሽሯል” ሲሉ ዕፀገነት ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች።

“ተሽሯል ምንድን ነው?” አለች ዋፊቃ በሹክሹክታ።

“ቀርቷል ማለት ነው። ልጅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ ማለት ነው።”

ዋፊቃ እልልታዋን ለቀቀችው። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ሊገስጻት ፈለገና ፈገግ ብሎ ወደ ውጭ ዞረ። ኢክራም አባቷ ደረት ላይ ተለጥፋ ቀረች። እሱም ያቺኑ “አልሐምዱሊላህ” ደጋገማት።

ያ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ኢክራም ትምህርቷን ቀጥላለች፤ “ሌባ” ያሏት ልጆችም አሁን የቤት ሥራ ሊገለብጡ ይመጡባታል። ዋፊቃ በእስር ቤቱ መጠየቂያ ቀን ለነስሮ ስንቅ ይዛ ትሄዳለች፤ አንዳንዴ ዓሊዪም ይከተላታል። ኢክራም አልሄደችም። ማንም ሂጂ አላላትም። “ልቧ ሲፈቅድ ኢንሻአላህ” ይላል አባቷ።

ዘንድሮ በአረፋ ዕለት አቶ እንደሻው ጀጎል ውስጥ ወዳለው የነዓሊዪ ቤት መጡ። የእስላም ሥጋ እንደማይበሉ የምታውቀው ዋፊቃ ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭና ወተት የበዛበት ሻይ አዘጋጅታላቸው ነበር። ከፍ ባለው መደብ ላይ ትራስ ደርባ አስቀመጠቻቸው። እሳቸውም ሐልዋውን ደጋግመው አወደሱ፤ ጥርሳቸው ባይፈቅድም ሁለተኛ ቁራሽ ወሰዱ።

አራት ሰዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ በሐኪም ተራራ በኩል ስለሚሠራው አዲስ መንገድ ሲያወሩ ከሰዓት በኋላው አለፈ። ክሱን ማንም አላነሣውም። ከውጭ የኢክራም ጓደኞች ተጣሩ። አዲሱን ቀሚሷን አስተካክላ ብድግ አለች።

“ወዴት ነው?” አለች ዋፊቃ።

“ዒድ ነው፣ ተያት” አለ ዓሊዪ።

ኢክራም ወጣች። እሱም ሻይ ማፍያውን አንሥቶ ለአቶ እንደሻው ብርጭቆ ደገመላቸው።