ስልኬ ሰይድን አሳማ ያለብኝ ሳምንት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ከረመዳን ቀጥሎ ባለው በሸዋል ወር ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥም ብሆን ሳቄን አልችለውም።

ቆቦ ውስጥ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ሰይድ የዋጃ ልጅ ነው፤ የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል። የተዋወቅነው መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ መጥቶ ነው። አንዱ ኮፒ ደበዘዘና እኔ ጋ ቀረ። ለምን እንዳልጣልኩት አትጠይቁኝ።

ሰይድ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንደ ወጉ «ልጅቷን እናማክርና የፊታችን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ኑ» ብሎ ሸኛቸው። እኔማ በልቤ እሺ ካልኩ ቆይቻለሁ።

ጣጣው የመጣው ከስልኬ ነው። የፈረንጁን ኮከብና የቻይናውን የዓመት እንስሳ አዋህዶ የጥንዶችን ጠባይ የሚናገር አፕ ጓደኛዬ እመቤት ጫነችልኝ። የእኔን ልደት አስገባሁ፤ «አሰድና እባብ» አለኝ፤ አሰድ አንበሳ ማለት ነው። የሰይድን ከደብዛዛው ኮፒ አይቼ አስገባሁ። «ሸርጣንና አሳማ።»

በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስሙን እንኳ መጥራት የማይወደው አሳማ! «አስተግፊሩላህ» ብዬ ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት። ቀና አድርጌ ሳነበው ደግሞ ጭራሽ እባብና አሳማ ዓመት አይከርሙም፤ እሷ ትናደፋለች፣ እሱ ይሸሻል ይላል።

መናደፌን ደግሞ ራሴም አውቀዋለሁ። በመጨረሻ እናቴን «እንቢ ብላለች በይልኝ» አልኳት።

«ምን አደረገሽ?»

«ኮከባችን አልገጠመም።»

«ሽማግሌ በኮከብ ይመለሳል እንዴ?» አለች። ለአባቴ ግን ነገረችልኝ።

ጁምዓ ዕለት ሥራ ገባሁ፤ ፊቴ አብጧል። አንዲት እናት የልጃቸውን የፓስፖርት ፎርም ሊያስሞሉ መጡ። የልደት ቀኑን ሲነግሩኝ እንደ ልማዴ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ደምሬ ወደ ፈረንጅ ቀየርኩት። እጄ እዚያው ደርቆ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልደት ስቀይር የምውል ሴት፣ የራሴንና የሰይድን በሐበሻ አቆጣጠር እንዳለ ለቻይና ሰጥቻለሁ!

«አንች ልጅ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አሳማ አይደለም!» ብያቸው ወጣሁ። ትክክለኛውን ለማየት እንኳ አልታገሥኩም፤ ባጃጅ ያዝኩ።

ቤት ስደርስ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ልጅቷ...» ሲል ሰማሁት። ወጉ ልጅቷ ከጓዳ ሳትወጣ ቃሏ በወላጅ በኩል እንዲደርስ ነው። እኔ ከነጫማዬ ምንጣፉ ላይ ቆሜ «እሺ ብያለሁ!» አልኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንደኛው ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡና «አልሃምዱሊላህ! እንዲህ የቸኮለች ሙሽራ አይቼም አላውቅ» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴም ሳቀ።

ከኒካው በኋላ ትክክለኛውን ቀን አስገባሁ። እኔ በፈረንጁ ሰውር፣ በቻይናውም በሬ፤ ሁለቴ በሬ። ሰይድ በፈረንጁ ሐመል፣ በግ ማለት ነው፤ በቻይናው ፍየል። ውጤቱስ? ከፊተኛው የባሰ! በሬና ፍየል ጨርሶ አይገጥሙም ይላል።

ሰይድ እየሳቀ ለእናቱ አነበበላቸው። እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ። «ጥማድ በሬ፣ አንድ በግ፣ አንድ ፍየል! ታዲያ በራያ ጎጆ ለሚወጣ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ቀረው?» አሉ።

ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው፤ ደስታዬን አልችለውም። ስቆጣ «በሬዋ ተነሣች» ይለኛል፤ እኔም «ዝም በል፣ ፍየል» እለዋለሁ። ለአንድ ሳምንት አሳማ እንደነበረ ግን እስካሁን አልነገርኩትም። ይኼን ካነበበ ጉዴ ፈላ።