የአጥር ፊልሞችን ስተረጉም

መካነ ሰላም ከተማ፣ ቪዲዮ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቤቱ ባለቤት አቶ ይመር ማይኩን ሰጡኝና «በለጡ፣ ሰው ሲናገር ድምፁን ቀንሺ፣ ሲተኩስ ልቀቂው» አሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ነበር። በግራ እጄ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አወርዳለሁ፣ በቀኜ ማይኩን ይዤ የሚባለውን በአማርኛ እናገራለሁ። ሥራው ይኸው ነበር።

ተመልካቹ ፊልሞችን በራሱ ስም ይለያቸው ነበር፤ የጥይት፣ የፍቅር፣ የአጥር። የአጥር ፊልም ወደፊት ይመጣል የተባለ ክፉ ዘመን የሚያሳየው ነው። ኋላ ኋላ ገና ሲጀምር አውቀው ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳል። በስሙ ፈንታ በቁጥር ይጠራል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠቁማል። ገዢው አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ከድምፅ ማጉያ ይሰማል። ከተማው ዙሪያውን ታጥሯል፣ ከአጥሩ ወዲያ ሞት ነው ይባላል።

አቶ ይመር አይወዷቸውም። «ከዚህ ሁሉ ጣጣ በሬ ጠፍቶበት የሚፈልግ ሰው ቢያሳዩን ይሻል ነበር» ይላሉ።

ከዓመታት በኋላ አንድ የገበያ ቀን እንዲህ ያለ ፊልም ስተረጉም፣ ድምፅ ማጉያው ሕዝቡን «አትጨነቁ» አለ። እኔ «አብሽሩ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከከላላ የመጣ አንድ የበቅሎ ነጋዴ «እትዬ በለጡ፣ ሰውየው አሳሪ ነው ወይስ ለቅሶ ደራሽ?» ብሎ ጮኸ። በእኛ አገር አብሽር፣ አይዞህ ማለት ነው፣ የሚባለው ለሐዘንተኛና ለበሽተኛ ነው፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይለዋል። ፊልም አይጠብቅምና ቀጠልኩ።

የጎረቤቴ ልጅ ሰብለ ግን አልሳቀችም። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ብዙ አትናገርም። ሰው ሲወጣ ወደ እኔ መጣች።

«ትክክል ነው የተረጎሙት፣ እትዬ። እዚያ ባዘዙኝ ቁጥር ‹አብሽሪ ማዳም› እንድል አስተማሩኝ። እሺ፣ ይደረጋል ማለት ነው አሉኝ። እኔ መጀመሪያ፣ ምን ደርሶባት ነው የማጽናናት ብዬ አዘንኩላት።»

«ኋላስ?»

«ኋላ እናቴ ደውላ የአባቴን ሞት ስትነግረኝ፣ አብሽሪ ልላት አፌ ላይ መጣ። እናቴን እንደ ማዳም የታዘዝኳት መስሎኝ ዋጥኩት።»

የማይኩን ገመድ ጠቀለልኩ።

«እታለም ልትሄድ ነው» አለችኝ። እታለም ታናሽ እህቷ ናት። «ይኼን ፊልም ያሳዩልኝ። እኔን አትሰማኝም።»

አቶ ይመርን ለመንኩ። «ያየነውን እንደገና?» ብለው አጉረመረሙ፣ ግን ገበያ በሌለበት ቀን ቤቱን ከፈቱልን። ለአንዲት ልጅ ብቻ የተረጎምኩት ያን ዕለት ነው። እሷን እያየሁ፣ ቃል ሳልዘል ተረጎምኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ እታለም ሳቀች። «ስም ነው እንዴ እንዲህ የሚያስለቅሳቸው? እኔን በቁጥር ይጥሩኝ፣ ለእናቴ ቤት ልሥራላት እንጂ።» ፓስፖርቷን ደላላው ያወጣላት በሌላ ሰው ስም ነበር። «የኔን እዚህ ትቼው እሄዳለሁ፣ ስመለስ አነሳዋለሁ።»

«እኔም እዚሁ ነበር የተውኩት» አለች ሰብለ።

በሳምንቱ እታለም በአቀስታ በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ሄደች። ሻንጣዋን እስከ መናኸሪያ የተሸከመችላት ሰብለ ናት። መጀመሪያ ትደውል ነበር። ከዚያ ተወች። እናቷ ዛሬም ስልኩን ቻርጅ አድርገው አጠገባቸው ያስቀምጣሉ።

ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቷል፤ አሁን ሁሉም በየስልኩ ያያል። ከሥራዬ ያወቅሁት ይኼን ነው። የአጥር ፊልም ተመልካች የሚፈራው አጥሩን ነው። አጥሩ ግን መጨረሻ ነው የሚመጣው፤ ስም ከተወሰደና ቃል ከጠፋ በኋላ።