ለሰላምታ ያልበቃው ሳጥን

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር የልጃችንን ድረ ገጽ መሞከር ነበር። ጂንካ ገበያ አጠገብ ባለው ሱቃችን፣ ከኮረሪማው ጆንያ ጎን ሁለት ዱካ ስባ አስቀመጠችን። ዩኒቨርሲቲ ዲዛይን ትማራለች፤ የመመረቂያ ሥራዋ የእኛ ሱቅ ነበር። ሩቅ ከተማ ያለ ሰው ከአቅራቢያችን ከገዘር የሚመጣውን ማርና ኮረሪማችንን በስልኩ አይቶ እንዲያዝዝ ነው።

«አባዬ፣ ደንበኛ ነህ እንበል። የፈለግከውን እዘዝ። እኔ ምንም አልናገርም፣ ዝም ብዬ ነው የማይህ።»

«ከራሴ ሱቅ ልግዛ?»

«ከራስህ ሱቅ።»

ስልኳን ሰጠችው። «መልእክትዎን እዚህ ይጻፉ» የሚል ሳጥን አገኘ። ባለቤቴ በወጣትነቱ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በአንድ ጣቱ ፊደል እየፈለገ፣ እኔንም በጎን እያየኝ ጻፈ፦

«ለተከበራችሁ የሱቁ ባለቤቶች። ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? በተለይ የቤቱ እመቤት እንዴት ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። የዚህ ደብዳቤ ዋና ምክንያት»

እዚያ ላይ ሳጥኑ ሞላ። ቢነካው ቢነካው ፊደል አልጨምር አለው።

«እጄ ነው ወይስ ስልኩ ነው?» አለኝ።

ልጄን አየኋት። ደብተሯ ላይ እየጻፈች እሱን እሱን ታያለች።

«ኧረ አባትሽን እርጂው!»

«እማዬ፣ እባክሽ። የሚፈተነው እሱ አይደለም፣ ገጹ ነው።»

«ታዲያ እሱ ላይ ምን ያስፈጥጥሻል?»

አልገባኝም። እሱ ግን መላኪያውን ተጫነው።

«ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«ምን እንደምፈልግ ሳልናገር?»

ልጄ አላስቻላትም፣ ሳቀች። «አባዬ፣ ሰው እኮ ሁለት ኪሎ ማር ብሎ ብቻ ነው የሚጽፈው።»

«ሰላም ሳይል? የማን ልጅ ነው?»

«ግን ምን ልታዝዝ ነበር?» አልኩት።

«ልጅሽ ሳጥኑን ስታሰፋው ታነቢዋለሽ» አለኝ። ገዢ ሲገባ ሊያስተናግድ ተነሳ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ሱቅ ሊከፍት ጫማውን ሲያስር ደረቱን ያዘ። ሐኪም ቤት ስንደርስ በሕይወት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ድንኳኑን አስታውሳለሁ። ከገዘር ማር የምታመጣልን ሴት አጠገቤ መቀመጧን አስታውሳለሁ። አማርኛ ብዙ አትችልም። «እሱ መጀመሪያ ልጅ ደህና፣ ከብት ደህና ይላል። ከዛ ነው ማር የሚያይ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ምን ሊያዝዝ እንደነበር አስብ ነበር። ከገዛ ሱቁ ምን ጎደለው? ማር አይወድም። ጠዋት ላይ ቀልዱን ነው እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሚነግረኝ ነገር ነበረው እላለሁ። የቱ እንደሆነ አሁንም ይምታታብኛል።

ከአርባው በኋላም ልጄ ሥራውን አልነካችም። አንድ ቀን ጠረጴዛ ስጠርግ ደብተሯን አገኘሁት። «ተጠቃሚ አንድ፦ ሰላምታ ሲጽፍ ቦታ አለቀበት። ተጠቃሚ ሁለት፦ ተጠቃሚ አንድን ለመርዳት ትሞክራለች» ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ሁለተኛዋ እኔ መሆኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

«የማስረክበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው» አለችኝ በሩ ላይ ቆማ። «ገጹ ለሰው ከመከፈቱ በፊት የሙከራ ጽሑፎቹ መጥፋት አለባቸው። ላጠፋ ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ።»

«የሱንም?»

«የሱንም።»

«አባትሽ ሙከራ ነው?»

አለቀሰች። ለምን እንዲህ እንዳልኳት አላውቅም። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ የማንም አልነበረም። እሱ ደብዳቤ መስሎት ነው የጻፈው፣ እሷ ደግሞ ማዘዣ ነበር የሠራችው።

በማግስቱ እስክሪብቶ ይዤ መልእክቱን ከስልኩ ወደ ወረቀት በእጄ ገለበጥኩት። «ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከሱ በታች ያለውን ወረቀት ባዶውን ተውኩት።

«አሁን አጥፊው» አልኳት። «ሳጥኑን ግን አስፊው።»

«ምን ያህል?»

«ሰው ሰላም ብሎ ጉዳዩን እስኪናገር ድረስ።»

«አስተማሪዬ፣ ለማር ማዘዣ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ቢለኝስ?»

«አባቴ ሞክሮት አልበቃውም በዪው።»

እንደዚያው አለችው፣ ተመረቀችም። የመጀመሪያው ትእዛዝ ከሀዋሳ መጣ፦ «ኮረሪማ ሁለት ኪሎ።» በዚያ ሰፊ ሳጥን ውስጥ ይህ ብቻ። ተቆርጦ የደረሰ መስሎኝ ቀሪውን ብዙ ጠበቅኩ። ልጄ፣ «እማዬ፣ በቃ ይሄው ነው» አለችኝ።

አሁን ጠዋት ሱቁን ከፍቼ የገቡትን ትእዛዞች አነባለሁ። መጀመሪያ «እንደምን አደራችሁ» ብዬ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ኮረሪማውን እመዝናለሁ።