ጣሳ ውስጥ ያልወደቀችው ቆርኪ

ቆርኪ ጣሳ ውስጥ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም አንገቴን ያዞረዋል። ባለፈው ሰሞን ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ ዳር አንዲት ባለሱቅ ለስላሳ ከፍታ ቆርኪውን ጣሳ ውስጥ ጣል ብታደርገው፣ የሄድኩበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ትምህርት አልገፋሁም፣ አሳምሮ መጻፍም አላውቅበትም፤ ያየሁትን ግን አውቀዋለሁ።

ደርግ ገብቶ ቀበሌ የተቋቋመ ሰሞን፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ፣ ሽርጡን አገልድሞ፣ ደጃችን ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር ዳማውን ይዘረጋ ነበር። ዳማው የእናቴ ቁም ሳጥን በር ነው፤ ነቅሎ፣ በቀለም ከፋፍሎ ሠራው፣ እናቴም በበሩ ፋንታ መጋረጃ ሰቅላ «ባሌ በር ላይ ይጫወታል፣ ልብሴን አቧራ ይጫወትበታል» እያለች ለመጣ እንግዳ ሁሉ ትናገር ነበር። መጫወቻው ቆርኪ ነው፤ የአንዱ ወገን አፉ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ይሆንና፣ የተበላው ጎን ወዳለው ጣሳ ይጣላል።

በበጋ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሰፈሩ እዚያ ይሰበሰብ ነበር። ጨዋታው ለሳቅ ነው፤ ያየ ይመክራል፣ የተሳሳተ ይመልሳል፣ የተሸነፈ ተሰድቦ ይነሳል። ከሁሉ የሚፈራው ጎረቤታችን አዴር ሮብሌ ነበር፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለሌለ ትልቁም ትንሹም እንዲያ ብሎ ይጠራዋል። ዓይኑን በሽታ ወስዶበት፣ ቆርኪዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ፣ ጥርሱ ወደ ላይ የሆነውን ከሌላው እየለየ ይጫወት ነበር፤ አባቴን ሲያሸንፈው «ወሪያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ዓይኔን ላውስህ?» ይለዋል።

በልግ ላይ ቀበሌያችን ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር በዳማ ሊወዳደር ሆነና፣ የስፖርት ኃላፊው ጓድ ክፍሌ ሦስት ተጫዋች ሊመርጥ ደብተር ይዞ መጣ፤ ደንብም ይዞ መጣ። የተነካ ይሄዳል፣ የሄደ አይመለስም፣ ተመልካች ዝም ይላል። የአባቴ ጓደኞች «ጨዋታ ነው ወይስ ስብሰባ?» እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ እኔ ደንቡን ወደድኩት፤ አልዋሽም፣ ዛሬም እወደዋለሁ። ከመመረጥ ሌላ ሐሳብ ስላልነበረኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ብቻዬን በሁለቱም ወገን እየተጫወትኩ ስለማመድ ከረምኩ።

ክረምት ገብቶ፣ ደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ባወረደበት ሳምንት፣ ሁለቱ ተመርጠው ለሦስተኛው ቦታ እኔና አዴር ሮብሌ ቀረን። እሱ ገና እጁን ሲዘረጋ «ጓድ፣ የተነካ ይሄዳል አይደል?» አልኩ። ጓድ ክፍሌ ደብተሩን አየና «ደንብ ደንብ ነው» አለ።

አዴር ሮብሌ እጆቹን ሰብስቦ ብብቱ ሥር ከተተ። «እሺ ወሪያ፣ አልነካም። የሄድክበትን ጥራልኝ፣ የኔንም እንዳዘዝኩህ አንቀሳቅስ። ዓይኔም እጄም አንተ ነህ።»

እንዲያ ሆነን ጀመርን። እሱ ሰሌዳውን በሙሉ በጭንቅላቱ ይዞ «የግራ ዳሯን አንድ ግፋልኝ» እያለ ያዛል፣ እኔም የእሱን እያንቀሳቀስኩ የራሴን እጠራለሁ። መውጫ እያጣሁ ሄድኩ። ጓድ ክፍሌ የሚያንሾካሹኩትን ሊገሥጽ ዞር ሲል ሁለት በላሁና፣ «አንድ በላሁ» ብዬ አንዷን ጣሳው ውስጥ ጥዬ ሌላዋን በእጄ ጨበጥኩ።

ጥቂት እንደሄድን «በቀኝ በኩል ያለችውን ወደ ፊት» አለኝ።

«የለችም።»

«መቼ ሞተች? ቀብሯን አልሰማሁም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ጓድ ክፍሌ ዝም አሰኘው። አባቴ ግን አይቶኛል። «ጓድ፣ ተመልካች መናገር ይችላል?» ብሎ ጠየቀ። «አይችልም» ሲባል «እሺ» አለና የጨበጥኩትን እጄን እያየ ቆመ። በበጋው ልማድ ቢሆን አሥር ሰው ይጮህብኝ ነበር፤ ያን ቀን የወደድኩት ደንብ የሁሉንም አፍ ዘግቶ ብቻዬን ተወኝ። የቆርኪዋ ጥርስ መዳፌን ወግቶታል። እጄን ከፍቼ ጣሳው ውስጥ ጣልኳት። ኳ አለች።

«አሁን ሞተች» አለ አዴር ሮብሌ።

ጓድ ክፍሌ ስሜን ሊሰርዝ እስክሪብቶ ሲያነሳ፣ አዴር «ጨዋታው መቼ አለቀ? ይጨርስ» አለው። አንዲት ሳላስቀር እየጠራሁ ተሸነፍኩ። ከዚያ አዴር «ውድድሩ ላይ እጄ ይሄ ልጅ ነው» ሲል፣ ጓድ ክፍሌ ሌላ ታማኝ ልጅ እንደሚፈልግለት ነገረው። «የሌላውን ውሸት ገና አላውቀውም፤ የዚህን ድምፁን ለይቼዋለሁ» አለ አዴር።

አባቴ ቤት ስንገባ አልተቆጣኝም፤ ቆርኪውን ሁሉ ጣሳው ውስጥ ጨምሮ እንድቆጥር ሰጠኝ። ሃያ አራቱም ነበሩ። ውድድሩ ላይም ሄድን፤ እሱ በአፉ፣ እኔ በእጄ፣ ሦስቱን አሸንፈን በአራተኛው ወደቅን።

ያ የሮቃ ዛፍ ተቆርጧል። ዛሬ የምጫወተው ጋራዥ አጠገብ ከሚቀመጡ ወጣቶች ጋር ነው፤ ደንባቸው የጓድ ክፍሌ ደንብ ነው፣ ይስማማኛል። የተነካ ይሄዳል፣ ከዚህ አልወርድም። ግን የሄድኩበትን ሁሉ፣ የበላሁትንም ቁጥር ጮክ ብዬ እጠራለሁ። «አባባ፣ እናያለን እኮ» ይሉኛል። ማየታቸውን አውቃለሁ። ያኔም ያየ ነበር።