በፈረንጅ ገና የቀመስኩት ቋንጣ

ዘንድሮ ለመሥሪያ ቤታችን የፈረንጅ ገና ግብዣ፣ እዚህ ናይሮቢ፣ «ቻርኩተሪ» የሚሉትን ነገር አንቺ አዘጋጂ ተባልኩ፤ ያው ጣውላ ላይ የደረቀ ሥጋ፣ አይብ፣ ወይንና ለውዝ በዛፍ ቅርጽ መደርደር ነው። የሥጋውን እሽግ ስከፍት የእናቴ ቤት ቋንጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ አባቴ ትንሽ ሆቴል ነበረው። ከግድግዳችን ወዲያ ከመሃል ኬንያ የመጡ አስተማሪ፣ ማማ ንጄሪ፣ ይኖሩ ነበር፤ በፈረንጅ ገና ሰፈሩን ሁሉ ይጠራሉ፣ እማዬ ደግሞ ባዶ እጇን ከምትሄድ ሞቷን ትመርጣለች። ጣጣው፣ እሳቸው ሥጋ ሲበሉ እኛ የነቢያት ጾም ላይ ነን። ስለዚህ በየዓመቱ እየጾምን፣ ምራቃችንን እየዋጥን፣ ከጾሙ በፊት የተሰቀለውን ቋንጣ፣ አይቡንና የተቀቀለ እንቁላሉን ሲኒያ በሚባለው ሰፊ ትሪ ላይ እንደረድራለን፤ ለሙስሊም እንግዶች ቴምርና ማንዳዚ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ለብቻው ይደረጋል። ትልቅ ሰው ስለማይቀምስ ጨው የሚያስተካክለው የማይጾም ሕፃን ነው፤ ያ ሕፃን ለዓመታት እኔ ነበርኩ፣ አቤት ሥራዬን ስወደው!

በዘጠኝ ዓመቴ ግን ጾም ጀመርኩ። እማዬ እስከ መጨረሻው ከጾምሽ ለገና ኬላውን ተሻግረን በኢትዮጵያ በኩል ካለው ቤተ ክርስቲያን አብረን እንቆርባለን አለችኝ፤ ነጭ ቀሚስም አሰፋችልኝ። ከዚያ ወዲያ መሬት አልበቃኝ አለ፤ ለሆቴሉ ደንበኞች ሁሉ ሳይጠይቁኝ ጿሚ ነኝ እላቸው ነበር።

የዚያን ዓመት ሲኒያውን ለእኔና በአራት ዓመት ለምትበልጠኝ እህቴ ለራሔል ተወችልን። እኔ አይቡን መሃል ላይ ቆልዬ ዙሪያውን በቲማቲምና በቃሪያ ኮከብ ሠራሁበት፤ ራሔል ቋንጣውን በቅቤና በጥብስ ቅጠል አሟሟቀችው። ድንገት ፊቷ ልውጥ አለ፤ ጨው ሁለቴ የጨመረች መሰላት። «ቅመሺልኝ በናትሽ፣ ካበላሸሁት እማዬ አትምረኝም! ለማንም አልናገር፣ ማርያምን!» አለችኝ። ዕንባዋ ሲመጣ አላስቻለኝም። አንዲት ቁራጭ ጎረስኩላት፤ እውነቱን ለመናገር ሁለት ናቸው። ጨዉ ልክ ነበር።

ሲኒያው ሲገባ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ማማ ንጄሪ ኮከቡን እያደነቁ የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁ፤ እማዬም ራሴን እየዳበሰች የታናሿ ነው አለቻቸው። ራሔል ሙገሳው ሲያመልጣት ጊዜ አልቻለችም። «እሷ? ቋንጣ ስትሰርቅ አይደል እንዴ የዋለችው! ገድፋለች እኮ!» አለች። ቅመሺ ያልሽኝ አንቺ ነሽ ብዬ ጮህኩ። እህቴ ዓይን ዓይኔን እያየች «ምን ያስዋሽሻል?» አለችኝ። የእማዬ እጅ ከራሴ ላይ ተነሣ።

ለገና እማዬ ራሔልን ይዛ ኬላውን ተሻገረች። እኔን «ለከርሞ» አለችኝ፤ ተቆጥታም አልነበረም፣ አዝና ነው። ለከርሞ ግን ጾሙ ሳይገባ ታመመች፣ ሳይፈታም ቀበርናት።

ራሔል ዛሬ ደግ እህት ናት፤ ብታመም ቀድማ የምትደርስልኝ እሷ ናት። እኔ ግን ከእናቴ ጎን ቆሜ የምቆርብበት አንድ ቀን ነበረኝ፣ እሱን በሰው ቤት ሙገሳ ለወጠችብኝ። ለንስሐ አባቴ ይቅር ብያታለሁ ብዬ ነግሬአቸዋለሁ። ውሸቴን ነው።